ተራ ያለው ሰው

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ስለ ሰው ክብር የሚነገረውን ቃል ከልጅነትህ ጀምሮ ሰምተኸዋል። ሰው ሁሉ እኩል ነው፤ ሰው ክቡር ፍጥረት ነው ሲባል ሰምተህ፣ በደብተርህም ጽፈህ፣ ተፈትነህም አልፈህ ይሆናል። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን እውነተኛ ፈተናው የሚገኘው በመንደር ውስጥ ነው፤ የመንደሩም ፈተና እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፤ ዓይኑ የማያይ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ እግሩ የማይሄድ፣ ወይም አእምሮው የታወከ ሰው ቦታው የት ነው?

ይህን ጥያቄ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ለሚኖር ሰው ብታቀርብለት ከሦስት መልሶች አንዱን ትሰማለህ። አንዱ፣ «ከእናቱ ቤት ይኑር እንጂ ወዴት ይሄዳል?» ይልሃል። ሁለተኛው፣ «ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቀመጥ፤ እግዚአብሔር የፈጠረውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» ይላል። ሦስተኛው፣ «መንግሥት ወይም የውጭ ድርጅት የሚጦርበት ቤት ይሥራለት» ይላል። ሦስቱም የደግ ሰው መልሶች ናቸው፤ በአንዳቸውም ውስጥ ክፋት የለም። ሆኖም ሦስቱም አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። የጎደላቸውን ነገር የገጠር ሰው በሚያውቀው ቃል ብጠራው ተራ ይባላል።

ተራ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ በቡሬም ሆነ በደምበጫ ገጠር ያለ ገበሬ ብቻውን አይኖርም። ማኅበር አለው፤ በየወሩ በቅዱሱ ቀን ከአንዱ ቤት ተሰብስቦ ዳቦውን ቆርሶ ጠላውን ከጠጣ በኋላ ጽዋው ለተረኛው ይሰጣል። ሰንበቴ አለው፤ በእሑድ አንዱ አባወራ ተራውን ይደግሳል። ወንፈል አለው፤ ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ አርማለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን ታርማለህ። እድር አለው፤ ዛሬ እኔ ያንተን ሙት እቀብራለሁ፣ ነገ ያንተ ልጆች እኔን ይቀብራሉ። ሰው ታሞ ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሲወሰድ፣ መንገዱ መኪና የማያስገባ እንደ ሆነ ጎረምሶቹ በቃሬዛ ይሸከሙታል፤ አራቱ ሲደክሙ ሌሎች አራት ይተኳቸዋል። ማንም ማንንም ማዘዝ አያስፈልገውም፤ የጓደኛው ትከሻ መዛሉን ያየ ሰው ራሱ ይገባል።

ይህ ሁሉ ተራ ነው። ተራ ማለት የመስጠትና የመቀበል ዙር ነው። በዚህ ዙር ውስጥ ያለ ሰው ድኻ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከሰው ቁጥር አልወጣም። ከዙሩ የወጣ ሰው ግን ጠግቦ ቢያድር እንኳ ብቻውን ነው። ቋንቋችን ለዚሁ ቃል ሌላም ትርጉም ሰጥቶታል። «ተራ ሰው» ስንል እንደ ሌላው ሁሉ የሆነ፣ የተለየ ምልክት የሌለበት ሰው ማለታችን ነው። አካሉ የተጎዳ ሰው የሚፈልገው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ተራ ሰው መሆንን፣ ተራ ያለው ሰው መሆንንም። እኛ ግን «ዕውሩ»፣ «አንካሳው»፣ «ደንቆሮው» እያልን በጉድለቱ እንጠራዋለን፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም፣ ካህኑም የሰጠውን የክርስትና ስም ጉድለቱ ይውጠዋል።

እስኪ አሁን ሦስቱን ቦታዎች አንድ በአንድ እንመርምራቸው።

የመጀመሪያው የእናት ቤት ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ ትምህርት ቤቶች ሳስተምር በነበርኩባቸው ዓመታት ልጆችን ለመመዝገብ ወደ ገጠር እወጣ ነበር። አባትየውን ስንት ልጅ እንዳለው ስጠይቀው «አምስት» ይለኛል፤ በደጅ የቆሙትን ስቆጥር አራት ይሆናሉ። አምስተኛው ከጓዳ ነው። ይህ ልጅ ከጓዳ የገባው ተጠልቶ አይደለም። እናቱ ታጥበዋለች፤ ታጎርሰዋለች፤ ሌሊት ተነሥታ አገላብጣ ታስተኛዋለች። ፍቅሯን የሚጠራጠር ሰው ካለ ልቡ ድንጋይ ነው።

ነገር ግን የዚህን ፍቅር ዋጋ አስላ። እናትየዋ ገበያ ስትወጣ ልቧ ከቤት ስለሚቀር በርበሬዋን በተጠየቀችው ዋጋ ጥላ ትመለሳለች። ለቅሶ ላይ አትደርስም፤ ለቅሶ የማይደርስ ሰው ደግሞ ለቅሶ አይደረስለትም። እድርተኛው «ቀረች» ብሎ መቀጮ ይጥልባታል እንጂ ለምን እንደ ቀረች አይጠይቅም። እሷ ስትደክም ሸክሙ በታላቂቱ ልጅ ላይ ይወድቃል። ከትምህርት ቤት መዝገቤ ላይ ስማቸው የተሰረዘ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ምክንያቱን ስመረምር አንዳንዶቹ ወንድማቸውን ወይም እኅታቸውን ለመጠበቅ የቀሩ ሆነው አገኛቸው ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ጉዳት ሦስት ሰው ያስቀራል፤ ልጁን፣ እናቱንና እኅቱን። ከሁሉም በላይ እናትየዋ ማታ ማታ ለራሷ የምታነሣው አንድ ጥያቄ አለ፤ «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» ይህን ጥያቄ መመለስ ያልቻለ መንደር «ልጁ ከእናቱ ጋር ነው» ብሎ መመካት አይገባውም። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። ሃምሳውን ሎሚ በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ጭኖ «እናት አይደለችምን?» ማለት ፍቅርን ማክበር ሳይሆን በፍቅር ማሳበብ ነው።

ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። በሰከላ፣ የዓባይ ወንዝ ከሚመነጭበት ከግሽ ዓባይ ጠበል፣ ብዙ ሕሙማንና አካለ ጉዱላን ፈውስ ለማግኘት ይመጣሉ። በየደብሩም ደጅ የሚቀመጡ አሉ። አገራችን ለእነዚህ ሰዎች ቁራሽ አልነፈገችም፤ ስለዚህም ምጽዋትን የሚነቅፍ ሰው አመዛዛኝ አይደለም። እኔ ከተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የግብረ ገብ መምህራችን በየሳምንቱ ለተቸገረ መስጠትን ያስተምሩን ነበር። ለተቸገረ እንድንሰጥ ተማርን፤ ከተቸገረው እጅ እንድንቀበል ግን ያስተማረን አልነበረም። የምጽዋት ጉድለቱ ከዚህ ላይ ነው። ምጽዋት ነፍስን ያቆያል፤ ነገር ግን መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሰጪው ሁልጊዜ ሰጪ፣ ተቀባዩም ሁልጊዜ ተቀባይ ነው። ሰጪው የተቀባዩን ስም ሳይጠይቅ ሃያ ዓመት ሊሰጠው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ከመንደሩ መካከል ተቀምጦ ከመንደሩ ውጭ ይኖራል።

ሦስተኛው የመጠለያ ቤት ነው። ይህም የራሱ ታሪክ አለው። ሌናርድ ቼሻየር የተባለው እንግሊዛዊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቀ የአየር ኃይል መኰንን ነበር። በ1948 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሊሞት የተቃረበና መግቢያ ያጣ አንድ በሽተኛ ወደ ራሱ ቤት ወስዶ በገዛ እጁ አስታመመው። ከዚያ ቤት የተነሣው ሥራ በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ወደ እኛም ደርሶ በ1962 በአዲስ አበባ አጠገብ በመናገሻ ፖሊዮ እግራቸውን ያሰለላቸው ልጆች የሚታከሙበት ቤት ተቋቋመ። በዚያ ቤት ልጆች በድጋፍ ብረትና በክራንች መሄድን ተምረዋል። በሰበታና በሻሸመኔም የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ብዙ ሊቃውንት አፍርተዋል። በወሎ ሳይንት በ1974 ዓ.ም. የተወለደችው የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ፤ ወደ ሻሸመኔ ተልካ ተማረች፤ የሕግ ባለሙያ ሆነች፤ በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። እሷ ራሷ በአደባባይ እንደ ተናገረችው ዓይኗ ባይጠፋ ኖሮ በልጅነቷ ትዳር ይሰጧት ነበር። ስለዚህ ከቤት መውጣት ሁልጊዜ ክፉ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። መማር፣ መታከም፣ እጅን በሙያ ማፍታታት ያለ ጉዞ የማይገኝበት ጊዜ አለ።

ነገር ግን ለትምህርት ወይም ለሕክምና መሄድ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ከዓይናችን እንዲርቅ መላክ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው መመለሻ አለው። ሁለተኛው የለውም። ልጁ ሄዶ ሲያድግ መንደሩ ያለ እሱ መኖርን ይለምዳል፤ ታናናሾቹ ፊቱን አያውቁትም፤ መሬት ሲከፋፈል ስሙ አይጠራም፤ የቤተ ዘመድ ጉባኤ ሲቀመጥ ወንበሩ የለም። የተሻለ ምግብና ንጹሕ አልጋ አግኝቶ ይሆናል፤ ተራው ግን ጠፍቷል።

እንግዲህ ሦስቱም ካልበቁ ምን ይሁን? ሰዎች ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ጠይቀው የመለሱበት አንድ ቦታ በአውሮፓ አለ። በቤልጅግ አገር ጌል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ታሪኳ ከእኛ ጠበል ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። በመካከለኛው ዘመን አእምሯቸው የታወከ ሰዎች ቅድስት ዲምፍና ከምትባል ሰማዕት ቤተ ክርስቲያን ፈውስ ለመለመን ከየሀገሩ ይመጡ ነበር። ቁጥራቸው በዝቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ማረፊያ ሲተርፍ የከተማው ሰዎች በየቤታቸው ያሳድሯቸው ጀመር። ለጥቂት ቀን የመጣው እንግዳ ለዓመታት ቈየ፤ ከቤተ ሰቡ ጋር ከአንድ ገበታ በላ፤ ላም አለበ፤ ልጅ አቀፈ። ልማዱ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በ1930ዎቹ መጨረሻ ከ3,000 በላይ ሕሙማን በጌል ሰዎች ቤት ይኖሩ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ በጣም ቢያንስም ልማዱ አልጠፋም። ከዚህ ታሪክ ልብ ልትለው የሚገባህ ነገር አለ። ሕመምተኛው በአንድ ቤት ቢኖርም የተሸከመው ግን ከተማው በሙሉ ነበር፤ ከደጅ ሲወጣ ያወቀው ጎረቤት «እንዴት አደርክ» ይለዋል፤ መንገድ ሲስት ያየው ሰው ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። በኋላም መንግሥት ሐኪምና ተቈጣጣሪ መደበ፤ ለቤተ ሰቦቹም ክፍያ ሰጠ። ቤቱ፣ ጎረቤቱና መንግሥቱ እያንዳንዳቸው ተራቸውን ያዙ።

«ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው፤ ለእኛ አይሆንም» የሚል ይኖር ይሆናል። እንግዲያስ ወደ ገዛ አፈራችን እንመለስ። በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት የታወቀ ነው። በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣ ጥናት በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል ከመቶው ሦስት ያህሉ ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ሰው በሽታውን የእርግማን፣ የመተት ወይም እባብ የመርገጥ ውጤት ያደርገዋል። ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር ግን መንሥኤው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር መሆኑን አስረዳ። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ ገብቶ የሰውነትን ፈሳሽ መውረጃ ይጎዳል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ተጋላጭነቱ በዘር ሊወርድ ይችላል፤ ቢሆንም ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ልጅ ከበሽታው ሊጠበቅ ይችላል።

ይህን የማያውቅ መንደር ግን ከሕመምተኛው ጋር በአንድ መደብ አይቀመጥም፤ ከዘመዱም ጋር አይጋባም። ሕመምተኛውም የእግሩን ሽታ ሰው እንዳይጸየፍበት ከቤተ ክርስቲያን፣ ከማኅበር፣ ከገበያ ይቀራል። አፈሩ እግሩን አሳበጠው፤ ከተራው ያወጣው ግን ሰው ነው።

አሁን ደግሞ መልካሙን ወሬ ስማ። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ የተደረገና በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት አለ። ለግማሾቹ እግርን በየቀኑ መታጠብን፣ ቆዳን መቀባትን፣ በፋሻ ማሠርን፣ እግርን ማንቀሳቀስን፣ ካልሲና ጫማ ማድረግን አስተማሯቸው፤ ከዚያው ከሀገሩ የተገኙ ረዳቶችም ደገፏቸው። እግርን የሚያግለውና ሰውን ከአልጋ የሚጥለው ድንገተኛ ሕመም ካልተማሩት ሰዎች ላይ በዓመት 24 ያህል ጊዜ ሲነሣ፣ ከተማሩት ላይ 19 ያህል ጊዜ ተነሣ። ለአንድ ገበሬ አምስት ጊዜ ከአልጋ አለመውደቅ ማለት ማሳውን በጊዜው ማረስ ማለት ነው፤ ወንፈሉን መመለስ ማለት ነው። ዕቃውም ውሃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው። ሥራው የሚሠራው ከቤት ደጃፍ ላይ ነው፤ የሚያስተምረውና የሚከታተለውም ጎረቤት ሊሆን ይችላል።

የአእምሮ ሕመም ከዚህ ይልቅ ከባድ ነው ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው። በገጠር አእምሮው የታወከ ሰው በገመድ ወይም በሰንሰለት የሚታሠርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አሣሪዎቹም ጨካኞች ሳይሆኑ መላ ያጡ ወንድሞቹ ናቸው። በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ በተባለው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ለሚሠቃዩ 166 ሰዎች የተደረገ ሥራ በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታትሟል። ሐኪም ያልሆኑ፣ ለጥቂት ሳምንታት የሠለጠኑ ሰዎች ወደ ሕሙማኑ ቤት እየሄዱ ቤተ ሰቡን አጽናኑ፤ ሕመምተኛው ወደ ሥራና ወደ ሰው እንዲመለስ ረዱ፤ ከእድርና ከመንደር ሽማግሌዎችም ጋር ተነጋገሩ። ከዓመት በኋላ እነዚህ ሕሙማን የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ይመሩ ነበር። መድኃኒቱ ለሁለቱም ወገን ነበረ፤ የተጨመረው ሰው ነው። አባቶች የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ያሉት በከንቱ አይደለም።

አገራችን ራሷም ከጥንት ጀምሮ የምታውቀው አንድ ምሳሌ አለ። በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ዓይነ ስውር ተማሪ እንግዳ አይደለም። ዜማውም ቅኔውም በቃል የሚያዝ ስለ ሆነ ዓይኑ ያላየለት ልጅ በጆሮውና በልቡ ይማራል፤ አድጎም መሪጌታ ይሆናል። የሚያየው ባልንጀራው በትር ይዞ መንገድ ይመራዋል፤ እሱ ደግሞ ማታ በጎጆ ውስጥ ያልተያዘለትን ቃል ያስጠናዋል። አንዱ ዓይኑን ያውሳል፤ ሌላው ቃሉን ያውሳል። ከሁለቱ ማንኛው ረጂ፣ ማንኛውስ ተረጂ እንደ ሆነ ለመለየት ብትሞክር አትችልም። በዚህ ጎጆ ውስጥ ምጽዋት የለም፤ ተራ አለ። ይህን ለቅኔ ቤት የቻልን ሰዎች ለእርሻው፣ ለገበያውና ለእድሩ እንዳንችል የሚከለክለን ምንድን ነው?

ከዚህ ላይ የሚነሡ ሦስት መቃወሚያዎች አሉ፤ ሳልመልሳቸው ማለፍ አይገባኝም።

የመጀመሪያው «ድኾች ነን፤ ራሳችንን መቻል አቅቶናል» የሚል ነው። ነገር ግን እዚህ የሚጠየቀው በይበልጥ ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ ነው። በቃሬዛው ላይ የተመለከትነው ይኸው ነው። መንደራችን የአንድ ቀንን ሸክም ተካፍሎ መሸከም ያውቃል፤ ያልለመደው የዓመታትን ሸክም መካፈል ነው። አንዲት እናት በሳምንት አንድ ቀን ገበያ ወጥታ እስክትመለስ ልጇን የሚጠብቅላት ሰው ብታገኝ፣ ያ ቀን ለጠባቂው ጥቂት ነው፤ ለእሷ ግን ኑሮ ነው። ሰባት ጎረቤት ቢኖራት የእያንዳንዱ ተራ የሚደርሰው በሰባት ሳምንት አንድ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ይላል። አዎን፤ የመንግሥትም ሥራ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5 የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲሠራ ግዴታ ጥሎበታል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትም በአንቀጽ 19 አካል ጉዳተኛ ሰው የት፣ ከማን ጋርም እንደሚኖር የመምረጥና በኅብረተሰቡ መካከል የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። እንግዲህ ተሽከርካሪ ወንበር፣ መድኃኒት፣ የሠለጠነ መምህርና ገቢ መጠየቅ ልመና አይደለም። የጎረቤት ደግነት የመንግሥት ስንፍና መሸፈኛ እንዳይሆን ተጠንቀቅ። ነገር ግን መንግሥት ወንበሩን ሊሰጥ ይችላል፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ወደ ሠርግ መጥራት የሚችለው ጎረቤት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። «የማይናገር፣ የማይንቀሳቀስ፣ ሌላውን ለይቶ የማያውቅ ሰው ምን ተራ ሊኖረው ይችላል? ምንስ ይመልሳል?» ይላል። በመጀመሪያ፣ ብዙ ሰው ከምናስበው በላይ መመለስ ይችላል። እግሩ የማይሄድ ሰው የእድሩን መዝገብ ሊይዝ ይችላል፤ የማታይ ሴት ጥጥ ትፈትላለች፤ አእምሮው የዘገየ ልጅ ከማሳ ወፍ ሊጠብቅ ይችላል። ይህን ስል ጉልበቱን በነጻ ብሉት ማለቴ አይደለም፤ ለሌላው የሚከፈል ነገር ሁሉ ለእሱም ይከፈለዋል።

ነገር ግን ምንም መመለስ የማይችል ሰው አለ፤ ለእሱስ? መልሱን እዚያው እድራችን ውስጥ ፈልገው። እድር ከሁሉ በላይ የተመሠረተው ለማን ነው? ለሞተ ሰው ነው። የሞተ ሰው አይናገርም፤ አይንቀሳቀስም፤ ያደረጉለትን አያውቅም፤ አይመልስም። ሆኖም ድንኳኑ ይተከልለታል፤ ቃሬዛው ይመጣለታል፤ ገበሬው እርሻውን አቁሞ ይሸኘዋል። «ምን ይመልሳል?» ብሎ የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ክብሩ ከሚሠራው ሥራ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ የሞተን ሰው ባላከበርን ነበር። ታዲያ ለሬሳ የማንጠይቀውን ዋጋ ሕይወት ካለው፣ ከሚርበው፣ ከሚበርደው፣ ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ ከሚረጋጋው ሰው ለምን እንጠይቃለን? አንተም በእናትህ ጀርባ ሳለህ ያልመለስከው ብዙ ነው። ዕድሜ ከሰጠህም እንደገና ተሸካሚ የምትፈልግበት ቀን ይመጣል። በመካከሉ ያለው የጉልበት ዘመን አጭር ነው፤ ሕግን ሁሉ በዚህ አጭር ዘመን ልክ መስፋት ጥበብ አይደለም።

ይህም ለሌላ ሰው ብቻ የተጻፈ አይደለም። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ የቆሰሉትም ብዙዎች ናቸው። ማለዳ በሁለት እግሩ ከቤቱ የወጣ ሰው ማታ በሰው ትከሻ ሊመለስ እንደሚችል በእኛ ከተማ ማስረጃ መጥቀስ አያስፈልግም። ዛሬ ለሌላው የምትሠራው ሥርዓት ነገ አንተን የሚቀበል ቤት ነው።

እንግዲህ አንተ ወጣት ምን ታደርግ? ታላቅ ነገር አልጠይቅህም። ሰውየውን በስሙ ጥራው። ስለ እሱ የምትጠይቀው ነገር ሲኖርህ እሱን ራሱን ጠይቅ፤ በፊቱ ቆመህ እናቱን «ምን ይፈልጋል?» አትበል። ዝሆኔ ካለበት ሰው ጋር በአንድ መደብ ተቀመጥ፤ እግሩን ሲታጠብ ውሃ ቅዳለት፤ ወንድም እኅቶችህ በባዶ እግራቸው ማሳ እንዳይገቡ ተከራከር። በመንደርህ ያለችውን እናት የገበያ ቀኗን ጠይቀህ ከጓደኞችህ ጋር ተራ ግቡላት። ዕድሜህ ደርሶ እድር ስትገባም ተነሥተህ ሁለት ነገር አሳስብ፤ አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት በለቅሶ ቀን ስለ ቀረ እንዳይቀጣ፣ ይልቁንም እናትየዋ እንድትወጣ አንድ አባል ከቤት እንዲቀመጥላት፤ ሁለተኛ፣ ያ ሰው በእናቱ ጥላ ሥር ሳይሆን በገዛ ስሙ ከመዝገቡ እንዲገባ።

ስሙ በመዝገብ የገባ ሰው እናቱ ብትሞት ለብቻው አይቀርም። የሚቀጥለው ተረኛ ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ መንደር አለውና።